በመጸው ወራት ወፎችን በፎቶግራፍ ማንሣት

ሰው በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጊዜን ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጊዜን ከማሳለፉም በላይ ዕውቀትን የሚጨምር ነው። በአገራችን ፎቶግራፍ ማንሣት ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለምረቃ ነው። ይሁን እንጂ ካሜራ ከሰው ፊት ሌላ ብዙ የሚያየው ነገር አለ። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ለክቡራን መምህራን፣ ለጓደኞቼና ለወላጆች ለማቅረብ የመረጥሁት፣ በፎገራ ሜዳና በጣና ዳር ወፎችንና የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍ ሳነሣ ያየሁትንና የተማርሁትን ነው።

ለዚህ ሥራ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የሚመረጠው የመጸው መጨረሻ፣ ይኸውም ሕዳርና የታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ነው። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ስለሚጠራ ብርሃኑ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያለበሱት ውኃ ወደ ሐይቁ ሲሸሽ፣ በየጎድጓዳው ትንንሽ ኩሬ ትቶ ይሄዳል። በኩሬው የቀረውን ዓሣና እንቁራሪት ለመልቀም ሽመላውና ነጩ ሳቢሳ ይሰበሰባሉ። ሦስተኛ፣ ሩዝ የሚታጨድበትና ከሩቅ አገር እንግዶች የሚመጡበት ጊዜ በመሆኑ ነው።

እንግዶች ያልኋቸው ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ናቸው። በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረግ ተፈልፍለው፣ በዚያ አገር ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። የኢስቶኒያ ሊቃውንት የምልክት መላኪያ መሣሪያ ያሰሩላቸው ክሬኖች እስከ ኢትዮጵያ መድረሳቸው ታውቋል። ከኢስቶኒያ እስከ ጣና ያለው መንገድ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በጣና ዙሪያ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ክሬኖች የበጋውን ወራት አሳልፈው በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳሉ። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። አንገታቸው ጥቁርና ነጭ ሲሆን በዐናታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ። የዓመቱ ጫጩት ግን ራሱ ቡናማ ስለ ሆነ በቀላሉ ይታወቃል፤ በዚህ በመጀመሪያ ጉዞውም ከእናትና ከአባቱ አይለይም። በሰማይ ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ነው፤ ሳቢሳ ግን አንገቱን ዐጥፎ ይበርራል። ከእነዚህ ሌላ በጣና ዳር ዓመቱን ሙሉ የሚኖር፣ በራሱ ላይ እንደ ዘውድ ያለ ወርቃማ ላባ ያለው ጥቁር ክሬን ይገኛል።

ካሜራውን ያዋሱኝ በከተማው ፎቶ ቤት ያላቸው አጎቴ ናቸው። ካሜራው ዲጂታል ሆኖ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ በተከራየሁት ክፍል ሆኜ ስማር ቆይቼ፣ ዓርብ ማታ ስንቄን ለማምጣት ወደ ወላጆቼ ቤት ስለምሄድ፣ ለፎቶግራፍ የነበረኝ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ነበር። የባዮሎጂ መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አንድ ምክር ሰጡኝ። «ፎቶግራፍ ባነሣህ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ወፉ ምን ይሠራ እንደ ነበር በደብተር ጻፍ። ያለዚያ የምታመጣልን ጌጥ ብቻ ነው» አሉኝ። ይህ ምክር ኋላ ምን ያህል እንደ ጠቀመኝ ከዚህ በታች እነግራችኋለሁ።

ወፍ የሚነሣው በማለዳ ነው። ክሬኖች ሌሊቱን በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ እንደ መለከት እየጮኹ ወደ እርሻው ይመጣሉ። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ ከእነርሱ በፊት ከሩዝ ነዶ ክምር ጀርባ እቀመጥ ነበር። ቀድሞ የተቀመጠን ሰው ወፍ ብዙ አይፈራውም፤ እየተራመደ የሚመጣውን ግን ከሩቅ ይሸሸዋል። ክሬን አንገቱን አቅንቶ መብላቱን ካቆመ ተጨነቀ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አንዲት እርምጃ ብትጨመር መንጋው ሁሉ ይነሣል። ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣን ወፍ ለአንድ ሥዕል ብሎ ከምግቡ ማስነሣት ተገቢ አይመስለኝም። አንዳንድ እረኞች፣ «ድንጋይ እንወርውርና ሲበርሩ አንሣቸው» ቢሉኝም አልተስማማሁም። ሲሻቸው በራሳቸው ጊዜ ይበርራሉና።

ስለ ካሜራውም አሠራር ጥቂት ልበል። የቆመን ወፍ በሰከንድ አንድ 250ኛ ፍጥነት ማንሣት ይቻላል፤ የሚበርረውን ግን እስከ አንድ 1000ኛ ካላደረሱት ክንፉ ይደበዝዛል። ነጭ ሳቢሳ በጠቆረ ውኃ ላይ ሲቆም ካሜራው በጨለማው ይታለልና ወፉን እንደ ኖራ ያነጣዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን በእጅ መቀነስ ያስፈልጋል። ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ከፍ ስትል የወፉ ዓይን በጥላ ይሸፈናል፤ መሬቱም ሞቆ አየሩ እንደ ውኃ ስለሚንቀጠቀጥ የሩቁ ነገር ጥርት ብሎ አይወጣም።

በሐይቁ ዳር ከክሬን ሌላም ብዙ የሚታይ ነገር አለ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ እንደ ተሰቀለ ክንፉን እያርገበገበ ይቆይና፣ በድንገት በአፍጢሙ ወደ ውኃው ይወርዳል። አርጃኖ በድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በሊታ ንስር ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ይጣራል። ጉማሬንም አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንሥቼአለሁ፤ ግን በጣም ከሩቅ ነው። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ፣ «ጉማሬ ከወጣበት ሣርና ከውኃው መካከል አትቁም፤ መንገዱን ከዘጋህበት አይምርህም» ብለው አስጠንቅቀውኛልና፣ ከዳገቱ አልወረድሁም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አባቴ ገበሬ ናቸው። የእኔ የደብተር፣ የልብስና የቤት ኪራይ ገንዘብ የሚወጣው ከሩዙና ከጓያው ነው። ሩዙ እሸት ሳለ ግሪሳ እንዳይበላው ማማ ሠርተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አሰልፈው ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ሩዙ ቀድሞ በታጨደበት በታችኛው ማሳ በቀረው እርጥበት ጓያ ዘርተው ነበር። በሕዳር መጨረሻ ቡቃያው እየተነቀለ ተገኘ። ታናሽ ወንድሜም በየማለዳው ክሬን ሲያባርር እየዋለ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ሆነ።

አንድ ማታ አባቴ፣ «አንተ ልጅ፣ እኛ እናባርራለን፣ አንተ ፎቶ እያነሣህ ታለምዳቸዋለህ። ለመሆኑ የማን ወገን ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። በአንድ ወገን እኔን የሚያስተምረኝ እህል፣ በሌላ ወገን የማደንቃቸው ወፎች ነበሩ። እኔም፣ «አባባ፣ እስቲ ደብተሬን ልይና ልንገርዎ» ብዬ መለስሁ።

በዚያ ሌሊት በአምስት ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ያነሣኋቸውን 260 ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ተመለከትሁ። ከእነዚህ ውስጥ ክሬኑ ምንቃሩን መሬት ላይ አድርጎ ሲበላ በግልጽ የሚታይባቸው 68 ነበሩ። 51ዱ የተነሡት በላይኛው ማሳ፣ ሩዙ ታጭዶ ባለቀበት ገለባ ላይ ነው፤ እዚያ የሚለቅሙት በአጨዳ ጊዜ የረገፈውን ፍሬ ነው። 17ቱ ግን በጓያው ቡቃያ መካከል የተነሡ ናቸው። ስለዚህ አባቴ እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን በደብተሩ የተጻፈውን ሰዓትና ቦታ ሳስተያይ ሌላ ነገር ታየኝ። 17ቱም የተነሡት በአራት ማለዳ ብቻ ነው፤ በአራቱም ማለዳ ከብቶች ወደ ላይኛው ማሳ በጊዜ ተለቅቀው ነበር። በፎቶግራፎቹ ጠርዝ ላይ ከብቶቹና እረኛው ይታያሉ። ክሬኖቹ ከገለባው ሲባረሩ ወደ ጓያው ይወርዳሉ ማለት ነው።

በማግሥቱ ፎቶግራፎቹን በካሜራው መስተዋት ላይ ለአባቴ አሳየኋቸው። አባቴ ማንበብ ባይችሉም ማሳቸውን፣ ከብቶቻቸውንና የጥላውን ርዝመት ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር። አንዱን ፎቶግራፍ ደጋግመው አይተው፣ «ይህ ጥላ የማለዳ ነው፤ ከብቱ መሰማራት ያልነበረበት ሰዓት ነው» አሉ። ከዚያም ከብቶቹ እስከ 4 ሰዓት በበረት ገለባ እየበሉ እንዲቆዩና ከዚያ በኋላ እንዲለቀቁ አዘዙ። በቀሩት ሁለት ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ክሬኖች በጓያው ውስጥ ሲገቡ ያየሁት አንድ ማለዳ ብቻ ነው። ወንድሜም ከሌላው ተማሪ ጋር በደወል ሰዓት መሰለፍ ጀመረ። እርግጥ ይህ የአንድ ቤት ማሳና የአንድ መጸው ነገር ነው። ለሌላው ማሳ ሁሉ ይሠራል ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ ግሪሳን በሚመለከትም ማማና ወንጭፍ አይቀሩም።

ከዚህ የተረዳሁት፣ ፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምስክርም መሆኑን ነው። ምስክር ደግሞ ለወዳጅ አያዳላም። ወፎቹን የምወድ እኔ ነኝ፤ ሥዕሎቼ ግን ጉዳታቸውንም ጥቅማቸውንም እኩል ተናገሩ። አባቴ ያመኑኝም 17ቱን ስላልደበቅሁ ይመስለኛል።

ይህ ምስክርነት ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። እንቦጭ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የውኃ አረም በጣና ላይ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያለውን ውኃ ሲሸፍን ቆይቷል። ሕዝቡም ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቅሎታል። ክሬን የሚያድረው ጥልቀት በሌለው ገላጣ ውኃ ስለ ሆነ፣ አረሙ ዳርቻውን ሲሸፍን ማደሪያው ይጠብበታል። ጣቶቹ እጅግ የረዘሙ አንድ ቡናማ ወፍ ደግሞ በአረሙ ላይ እንደ ምንጣፍ እየተራመደ ምግቡን ሲፈልግ አንሥቼዋለሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡን ትርጉም የሚሰጠው ግን በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆሞ ውኃው ምን ያህል እንደ ተገለጠ፣ ምን ያህል ወፍ እንዳረፈ የሚያይና የሚጽፍ ሰው ሲኖር ነው። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት እንዳለ ይነገራል፤ ከእነዚህ ስንቱን በስሙ እንደምናውቅ እያንዳንዳችን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

በመጨረሻ ይህን ሥራ መጀመር ለሚፈልጉ ጓደኞቼ ጥቂት ምክር ልስጥ። ከወፉ ቀድማችሁ ድረሱና ተቀመጡ። ጎጆ ያለበትን ቅርንጫፍ አትንኩ። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ከሰው ማሳ ስትገቡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ቀኑንና ሰዓቱን ሳትጽፉ ወደ ቤት አትመለሱ። ካሜራ የሌላችሁም አትዘኑ፤ የእጅ ስልክ ለሩቅ ወፍ ባይሆን እንኳ የማሳውንና የሐይቁን ዳርቻ ሁኔታ ለማንሣት ይበቃል፤ እርሱም ባይኖር ዓይንና ደብተር አለ። ወላጆችም ልጃችሁ በማለዳ ተነሥቶ ወፍ ላይ ሲያፈጥጥ ብታዩት፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት። አባቴ ጠይቀውኛል፤ በሚመጣውም ሕዳር እንግዶቹ ሲመጡ ከብቱን መቼ እንደምንለቅ አብረን ልንወስን ተስማምተናል።