ጤና አዳምና የቤዝመንቱ ጨው

ሚኒሶታ ውስጥ ጤና አዳም ሲደርቅ መጀመሪያ የሚወቀሰው ብርዱ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ማነስ። ሁለቱም ተክል ይጎዳሉ። እኔ ግን ደጋግሜ የማየው ሌላ ነገር ነው። ሚኒያፖሊስ አፓርትመንት ውስጥ፣ ጠባብ መስኮት ላይ፣ ለዓመታት ለቡና ሲቀነጠብ የኖረ ጤና አዳም ቤተሰቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ቤት ሲገዛ መጫጨት ይጀምራል። አዲሱ ሳሎን ሰፊ ነው፣ ፀሐይም እንደ ልብ ይገባዋል። የተለወጠው ውሃው ነው።

ሚኒያፖሊስ ውሃዋን ከሚሲሲፒ ወንዝ ትቀዳና ማጣሪያ ጣቢያው ላይ በኖራ ታለሰልሰዋለች። በዚህ መንገድ የሚወገደው ካልሲየምና ማግኒዚየም ዝቃጭ ሆኖ እዚያው ይቀራል። በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ ግን የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ፕሬሪ ዱ ሺን-ጆርዳን ከሚባለው፣ ኖራማ ድንጋይና አሸዋማ ድንጋይ ከተነባበሩበት ከርሰ ምድር የሚወጣ። ይህ ውሃ የሻወሩን መስታወት ነጭ ያለብሳል፣ ሳሙና አረፋ እንዳያወጣ ያደርጋል። ስለዚህ በየቤቱ ቤዝመንት ሶፍትነር የሚባል ውሃ የሚያለሰልስ ማሽን ይተከላል።

ማሽኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እንክብሎች ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። እንክብሎቹ ሲሞሉ ማሽኑ በጨው ውሃ ያጥባቸዋል፤ ከመደብር እየተሸከምን የምናመጣው ባለ 40 ፓውንድ የጨው ከረጢት የሚያልቀው ለዚህ ነው። የጨዉ ክሎራይድ ከእጣቢው ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ ሶዲየሙ ግን ወደ ቧንቧችን ይገባል። እዚያም አብሮት የሚሆነው በአብዛኛው ባይካርቦኔት ስለሆነ ምላስ ላይ ጨው ጨው አይልም። አንድ ሊትሩ 300 ሚሊግራም ኖራ የነበረበት ውሃ ከማሽኑ ሲወጣ ወደ 140 ሚሊግራም ሶዲየም ተጨምሮበታል። በሳምንት አንድ ሊትር የሚጠጣና ከሥሩ የማያፈስ ማሰሮ በ6 ወር ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቤኪንግ ሶዳ ያጠራቅማል ማለት ነው። ውሃው ይተናል፤ ሶዳው ከአፈሩ ጋር ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የሚታየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆናል፣ የአፈሩ ፊት ይጠጥርና ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል። ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉ ጠውልጎ ስናየው የጠማው ይመስለንና ከዚያው ቧንቧ እንጨምርለታለን።

አገር ቤት ይህ ችግር ለምን አልገጠመንም? ውሃችን ከኖራ የጸዳ ስለነበረ አይደለም። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ ያደገ ሰው የማንቆርቆሪያውን የውስጥ ቅርፊት ያስታውሳል፤ ሁለቱም ከተሞች የሚጠጡት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ነው። እኛ የምንማረርበትን ያንን ውሃ ጤና አዳም ይወደዋል፤ በተፈጥሮው ኖራማና ድንጋያማ መሬት የሚስማማው ተክል ነውና። ደግሞም ጤና አዳሙ የሚቀመጠው ሥሩ በሚስማር በተበሳ የወተት ጣሳ ወይም በዘይት ቆርቆሮ፣ ደጅ ወይም በረንዳ ጫፍ ላይ ነበር። ጎመኑና ምስሩ የታጠበበት ውሃ ሲደፋበት ይከርማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ዝናቡ አፈሩን ከላይ እስከ ታች ያጥበዋል። በየዓመቱ ሳይታሰብበት የሚደረግ ትልቅ እጥበት ነው። እዚህ ምንጣፍ እንዳይበላሽ ብለን ማሰሮውን ሳህን ላይ እናስቀምጠዋለን፤ የወረደው ውሃ ተመልሶ በሥሩ ይሳባል፣ ጨዉም አብሮ ይመለሳል።

ነገሩ በሰፊው ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ በአፋር፣ መካከለኛው አዋሽ ላይ ያለውን አሚባራ ያስብ። ጥጥ ይመረትበት የነበረ የመስኖ መሬት ነው። ትርፉ ውሃ በቂ መውጫ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጣ፣ ከሐሩሩ የተነሳ ተነነ፣ ጨዉን መሬቱ ላይ ጥሎት ሄደ። ጨዉን የሚያጥብ በቂ ዝናብ በሌለበት አገር ብዙ ማሳ ከእርሻ ወጣ። በሳህን ላይ የተቀመጠች ማሰሮም መውጫ የላትም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የግቢው ቧንቧ ብዙ ጊዜ ከሶፍትነሩ በፊት የተቀጠለ ስለሆነ ውሃው ያልተነካ ነው፤ ችግሩ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ተብሎ የሚዘጋው ተክሎቹ ቤት በሚገቡበት በብርዱ ወራት መሆኑ ነው። ያኔ ወደ ቤዝመንት ወርዶ የሶፍትነሩን ማለፊያ ቫልቭ ማዞር፣ ቧንቧ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ቀዝቃዛውን ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ጀሪካን መሙላት፣ ከዚያ ቫልቩን መመለስ ነው። ውሃውን ማፍላት አይጠቅምም፤ ሲተን የሚቀረው ሶዲየም ይበረታል። ማሳደርም ክሎሪን ሊቀንስ ይችል ይሆናል እንጂ ሶዲየሙን አይነካውም። ከጨዉ ይልቅ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚጠቀሙ አሉ። ለተክል ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል፣ የውሃው መውጫ ካልተስተካከለ እሱም ይጠራቀማል።

እኔ የምመርጠው በረዶውን ነው። ጨው ከሚረጭበት መንገድ ራቅ ካለ ቦታ በባልዲ ዝቆ ቤት ውስጥ ማቅለጥና የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ። በተለይ በማሰሮ ቡና ለሚያሳድጉ ከዚህ የተሻለ ውሃ የለም። ቡና ኮምጠጥ ያለ አፈር ስለሚወድ ከማለፊያው የሚቀዳው ኖራማ ውሃ ሲደጋገምበት ብረት መሳብ ያቅተውና አዲሱ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ጤና አዳሙንና ቡናውን ከአንድ ጀሪካን አታጠጡ።

ጨው የያዘውን ማሰሮ ለማዳን ደግሞ ሲንክ ውስጥ አስቀምጦ፣ የማሰሮውን እጥፍ የሚሆን ያልተለሰለሰ ውሃ ቀስ እያሉ ማፍሰስና ከሥሩ ሙሉ በሙሉ እንዲንጠባጠብ መተው ነው። አፈሩ ውሃ ማሳለፍ ካቆመ ግን አፈሩን መለወጥ ይሻላል። ግንቦት ገብቶ ውርጭ ሲያበቃ ሁሉንም ደጅ አውጡና ዝናብ ይምታቸው።