ሳይሄድ ያረጀ ጎማ

በአሜሪካ፥ በሚኔሶታ የሚኖር የአገራችን ሰው ክረምት የሚለውን ቃል እንደ ገና ይማረዋል፤ የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፥ የዚያ አገር ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ውሃውን ድንጋይ የሚያደርግ ብርድ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በመኪናዬ ጎማ ነው።

በፈረንጆች ቍጥር በ2018 እናቴ በአዲስ አበባ ስለ ታመመች በኅዳር ወር ወደ እርስዋ ሄጄ አምስት ወር ተቀመጥሁ። መኪናይቱን በጓሮዬ በሲሚንቶው ላይ እንደ ቆመች ተውኋት፤ በሩን መቈለፍ ዋናው ጥንቃቄ መስሎኝ ነበርና።

በሚያዝያ ተመልሼ ባስነሣት እንደ ታመመች በቅሎ ታነክስ ጀመር። ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ጠፍጥፎ ስለ ቀረ በዞረ ቍጥር ይመታ ነበር። ጥቂት ሄዶ ሲሞቅ መምታቱ ቀነሰ፤ እኔም ዳነ ብዬ ደስ አለኝ። በጎኑ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አይቻለሁ፥ ነገር ግን ናቅኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ትንሽ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ በሰፊው ጎዳና ስፈጥን የኋላው ጎማ ፈነዳ። መኪናይቱ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዛ ከመንገዱ ዳር ቆመች። የተጎዳ የለም፤ ልጄ ግን «አባዬ፥ መንገዱ ተሰበረ ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

አዲሱን ጎማ የገጠሙልኝ ቀድሞ በአዲስ አበባ ጎሚስታ የነበሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። «ጋሼ፥ ክረምቱን ሙሉ ያልተነዳ ጎማ እንዴት ያልቃል?» ብላቸው «ስላልነዳኸው ነዋ!» አሉኝ። ከላስቲኩ ጋራ ከመሰንጠቅ የሚጠብቀው ሰም ተደባልቋል፤ መኪናው ሲሄድ ጎማው እየተጣጠፈ ሰሙን ወደ ላይ ያወጣዋል፥ በቆመ ጊዜ ግን ይህ ይቀርና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ይሰነጥቀዋል። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋራ አሙቆ ብርድና ሙቀት እንዲችል አደረገው፤ ከእርጅና ግን አላዳነውም። ደግሞም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቍጥር ንፋሱ በ1 ፒ ኤስ አይ ያህል ይጎድላል፤ ከ50 ዲግሪ ወደ ዜሮ ቢወርድ 5 ጎደለ ማለት ነው።

ከዚህም በኋላ በፈነዳው ጎማ ጎን የታተሙትን የመጨረሻ አራት አኃዞች በጣታቸው አሳዩኝ፤ 3208 ይላል። በ2008 በ32ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። መኪናይቱን ስገዛ የሞተሩን ነገር ብዙ ጠይቄ ነበር፤ የጎማውን ዕድሜ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ የማትነዳ ከሆነች ጎማዎቹን በሳሙና አጥቤ አደርቃለሁ፥ በበሩ ላይ በተጻፈው ልክ ንፋስ እሞላለሁ፥ መኪናይቱንም በክሪክ አንሥቼ በብረት መደገፊያ አቆማታለሁ። የወለቀ ጎማ ከነቸርኬው ከሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይጋደማል፥ ያለ ቸርኬ ከሆነ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሁሉም በጥቁር ከረጢት ታስሮ ከፀሐይና ከቤንዚን ይርቃል። እኔ ከቤት ማሞቂያው ሞተር አጠገብ ደርድሬያቸው ነበር፤ ጋሼ አይተው ሳይናገሩ ራሳቸው አንከባለው አወጧቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦዞን እንደሚያወጣ የነገሩኝ በኋላ ነው።

ባለፈው ኅዳር ልጄ ፋኖስ ይዛልኝ ስሠራ ስኮርታውን አየችና አኃዙን አነበበች። «ይህስ ከእኔ ይበልጣል» አለችኝ። በማግሥቱ ለወጥሁት።