ሁለተኛው ምድጃ



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ ባለፈው ረመዳን በመጀመሪያው ቀን ሾርባው ለምን ከአዛን በኋላ እንደ ደረሰ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁ ነበር። ጥፋቱ የኛ፣ የሁለት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነው። እንዴት እንደ ሆነ እንንገራችሁ።

የኢፍጧር ኮሚቴው ወጪ ለመቀነስ ሲመክር፣ በኪራይ የምናመጣው ሁለተኛ ምድጃ የግድ ያስፈልጋል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። በዚያው ሴሚስተር ፕሮሰስ አልጀብራ የሚባለውን፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች የሚጠኑበትን ንድፈ ሐሳብ እየተማርን ስለ ነበር “እኛ እናሰላዋለን” አልን። የተጠቀምነው ሮቢን ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1980 በመጽሐፍ ያወጣውን ሲሲኤስ የተባለ ስልት ነው።

በዚህ ስልት እያንዳንዱ ድርጊት እንደ ነጥብ ይቆጠራል፤ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ሳምቡሳ መጥበስን “ሳ”፣ ሾርባ ማብሰልን “ሾ” አልነው። ምድጃው አንድ ከሆነ ወይ ሳ ይቀድምና ሾ ይከተላል፣ ወይ ሾ ይቀድምና ሳ ይከተላል። ምድጃው ሁለት ከሆነ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ድርጊት ነጥብ ከሆነ ግን፣ ጎን ለጎን ሲሄዱም ቆሞ የሚያይ ሰው የሚመዘግበው አንዱ ቀድሞ ሌላው ሲከተል ብቻ ነው። ስለዚህ በስሌቱ ሁለቱ አሠራሮች እኩል ወጡ። አንዱ ሥራ ሌላውን እየጠበቀ ሁሉም ተቆላልፎ የሚቆምበት ሁኔታ እንደሌለም አረጋገጥን። ለኮሚቴው “ሁለተኛው ምድጃ ምንም አይጨምርም” ብለን በልበ ሙሉነት አቀረብን። ምድጃው ቀረ።

የመጀመሪያው ቀን ምግብ የሚያበስሉልን እናታችን 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ጀመሩ። ሳምቡሳው 40 ደቂቃ፣ ሾርባው 50 ደቂቃ ይፈጃል። መግሪብ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ሁለት ምድጃ ቢኖር ሁሉም ነገር 12 ሰዓት ከ5 ላይ ባለቀ ነበር። በአንዱ ምድጃ ግን 90 ደቂቃ ፈጀና ሾርባው የደረሰው ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ተምርና ውሃ ስለ ነበረ ሁሉም አፈጠረ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን በማግስቱ ፈተና ስለ ነበረበት ሾርባውን ሳይጠብቅ ሳምቡሳውን በእጁ ይዞ ወጣ። በር ላይ አግኝተነው ይቅርታ ስንጠይቀው “ችግር የለም” አለን። ያ “ችግር የለም” እስከ ዛሬ ይከብደናል።

እናታችን አልተቆጡንም። “ልጆቼ፣ ወረቀታችሁ ላይ እሳቱ ስንት ደቂቃ ነደደ?” ብለው ብቻ ጠየቁን። ወረቀታችን ላይ እሳት አልነበረም። “ጠበሱ” የሚል እንጂ “እየጠበሱ ነው” የሚል ቦታ አልተውንም።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመለስ ጥያቄው የቆየ ሆኖ አገኘነው። ማቲው ሄነሲ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ አንድን ድርጊት መጀመሪያና መጨረሻ አድርጎ ለሁለት ይከፍለዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ የኛ እኩልነት ወዲያው ይፈርሳል። በሁለት ምድጃ “ሳምቡሳ ተጀመረ፣ ሾርባ ተጀመረ፣ ሳምቡሳ አለቀ፣ ሾርባ አለቀ” ማለት ይቻላል፤ በአንድ ምድጃ ግን አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ልዩነቱን ለማየት ደቂቃ መቁጠር እንኳ አላስፈለገም።

ምድጃው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሁለት መጥበሻ ሳምቡሳ በአንድ ጊዜ ሲጣድ ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። መዝገባችን “ሳምቡሳ ተጀመረ፣ ሳምቡሳ ተጀመረ” ይላል። ከመካከላችን አንዱ “አንዱ ደርሷል” ሲባል ሰምቶ ዘግይቶ የተጣደውን አወጣ፤ ውስጡ ጥሬ ነበር። ለካ መጀመሪያና መጨረሻን መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው መጨረሻ የየትኛው መጀመሪያ እንደ ሆነ መያያዝ አለበት። ሮብ ቫን ግላቤክና ፍሪትስ ፋንድራገር እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ኤስቲ የተባለው አተረጓጎም የሚይዘው ይህንኑ ትስስር ነው።

“ከመግሪብ በፊት ይደርሳል ወይ?” ለሚለው ጥያቄ ግን ቁጥር ያስፈልጋል። ሪድና ሮስኮ እ.ኤ.አ. በ1986 ጊዜን ሲኤስፒ በተባለው ስልት ውስጥ አስገቡ። በኋላም አሉርና ዲል ሰዓት የተገጠመላቸውን አውቶማታ አመጡ፤ ዛሬ የጊዜ ገደብ ያለባቸው ሥርዓቶች ከሚፈተሹባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የሚልነርን ስልት አንወቅሰውም። ቅደም ተከተልን ለጠየቀው ሰው በትክክል ይመልሳል፣ መቆላለፍ እንደሌለም በትክክል ነግሮናል። እኛ ግን የጊዜ ጥያቄ ይዘን ሄደን፣ ያገኘነውን የቅደም ተከተል መልስ ለኮሚቴው የጊዜ መልስ አስመስለን ሰጠን። እናታችንን አስቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይነግሩን ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ አንድ አደራ አለን። የሥራ ክፍፍሉ ላይ “ማን ምን ይሠራል” ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ምድጃ እንደሚሠራም ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ለሚያበስሉት እናታችን አሳዩ።

ሾርባ ያልደረሳችሁ ወንድምና እህቶች፣ በተለይ ያ ወንድማችን፣ አፉ በሉን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።