ለአንድ ሥራ ሁለት ደላላ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ጥሩ ሥራ አመለጠኝ። ችሎታ አንሶኝ አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ እንኳ አልደረስኩም። ሁለት ኤጀንቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሜን ለአንድ መሥሪያ ቤት ስላቀረቡ ነው። ለወራት ሁለቱን ስረግም ከረምኩ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እነሱ ብቻ አይደለም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሙያዬ ዳታቤዝ ማስተዳደር ሲሆን አንዴ ስድስት ወር፣ አንዴ አንድ ዓመት እየተባለ በኮንትራት እሠራለሁ። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአገናኝ ነው። ትልቁ ድርጅት ሰው ሲፈልግ ክፍት ቦታውን ውል ለገባላቸው ጥቂት ኤጀንሲዎች ይልካል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከሥራቸው ላሉ ትናንሽ ኤጀንሲዎች ያስተላልፉታል። አንዱ ወንበር በአንድ ቀን ውስጥ በተለያየ መጠሪያና በተለያየ ዋጋ ይዞራል። የሚደውልላችሁ ሰው የመጀመሪያው እጅ ይሁን ሦስተኛው አታውቁም። መሃል ላይ ያለው እያንዳንዱ እጅ ግን ከሰዓት ክፍያው የራሱን ያነሳል።

ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ደወለ። ቦልቲሞር አካባቢ፣ የአንድ ዓመት ኮንትራት፣ በሰዓት 58 ዶላር። የድርጅቱን ስም ስጠይቀው «በኋላ እነግርሃለሁ» አለኝ። ወዲያው ኢሜይል ላከ፦ «ለዚህ ሥራ እናንተ ብቻ እንድታቀርቡኝ ፈቅጃለሁ» ብለህ መልስ የሚል። መለስኩ። የልደት ቀኔንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን የመጨረሻ አራት አሃዞችም ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።

ሐሙስ ዕለት ሌላ ስልክ መጣ፤ የአገራችን ልጅ ናት። «ወንድሜ፣ ለአንተ የተሰፋ ሥራ አለኝ» አለች በአማርኛ። የሥራው መጠሪያ የተለየ ነው፤ ክፍያው 66 ዶላር ነው። እሷም የድርጅቱን ስም አልነገረችኝም። «ዛሬ ማታ ይዘጋል፣ ቶሎ በል» አለችኝ። የላከችልኝን መግለጫ ሳነበው ልቤ ደነገጠ። ማክሰኞ ያነበብኩት ጽሑፍ ነው፤ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አውቄዋለሁ። «እህቴ፣ ይሄ ሥራ ቀድሞ ቀርቦልኛል» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ግማሹ ይሉኝታ ነው፤ በአገሬ ቋንቋ ወንድሜ ብላ የጠራችኝን ሰው በስልክ መመለስ ከበደኝ። ሌላው ግማሽ ስምንቷ ዶላር ናት። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት ብትመቷት 16,640 ዶላር ትሆናለች። «ምናልባት የተለየ ሥራ ይሆናል» ብዬ ራሴን አታለልኩና ለእሷም ፈቃዴን ጻፍኩ።

ሰኞ ሁለቱም ደወሉ። ድርጅቱ አንድን ሰው ከሁለት ኤጀንሲ ሲቀበል ኮሚሽኑ የማን ነው የሚል ጭቅጭቅ ይመጣበታል። አንዳንዱ ቀድሞ ያቀረበውን ይቀበላል፤ አንዳንዱ ግን ከራስ ምታቱ ብሎ ሰውየውን ራሱን ይሰርዘዋል። እኔን ሰረዙኝ። እነዚያ አራት አሃዞች የሚጠየቁትም ለዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ስሙን አሳጥሮ ወይም አጻጻፉን ለውጦ በሁለተኛ በር የሚገባውን ሰው መለያ ናቸው።

ልጅቷ «ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ቤቱን መጀመሪያ ያሳየው ደላላ ኮሚሽኑ የእኔ ነው ይላል፤ በሌላ ደላላ ዞራችሁ ብትመጡ ጠቡ በር ላይ ይጠብቃችኋል። ልዩነቱ እዚያ ሁለት ደላሎች ሲጣሉ ቤቱ ቦታው ላይ መኖሩ ነው። እዚህ ግን የሚታየው ቤት እኔ ነኝ። ኤጀንቶቹ ከአሥር ሰው አንዱን አጡ፤ እኔ የዓመት እንጀራዬን አጣሁ።

«ኤጀንቶች ይወዳደሩ፣ ተጠቃሚው ሠራተኛው ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን ውድድሩ ያለው ስማችሁን እስክትሰጡ ድረስ ብቻ ነው። ያቺን ኢሜይል ከመለሳችሁ በኋላ ለዚያ ሥራ የአንድ ሰው ዕቃ ናችሁ፤ ዋጋ ይጨመርልኝ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። የመደራደሪያው ሰዓት ከኢሜይሉ በፊት ያለችው አጭር ሰዓት ናት። ኤጀንቱ «ዛሬ ማታ ይዘጋል» የሚለውም ያችን ሰዓት ሊወስድባችሁ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። የእኔስ ይባስ፤ ሁለቱም ዛፎች አንድ ዛፍ ነበሩ።

ስለዚህ አሁን የድርጅቱን ስም፣ ትክክለኛውን ቦታና የሰዓት ክፍያውን በጽሑፍ ሳላይ ለማንም ፈቃድ አልሰጥም። ፈቃዱም ለዚያ አንድ ሥራ ብቻ መሆኑን እጽፋለሁ። ክፍያው በደብሊው 2 ይሁን በ1099 እጠይቃለሁ፤ በ1099 ከሆነ አሠሪው ይከፍለው የነበረው ግማሽ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር በእኔ ላይ ይወድቃል። በጥቅሉ 15.3 በመቶ ነውና ትልቅ የመሰለው ቁጥር ሲጣራ ያንሳል። ማን የት እንዳቀረበኝም በቀን እየጻፍኩ በደብተር እይዛለሁ።

ይህ ግን ለሠራተኛው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይመስለኝም። ሜሪላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሠሪዎች በማስታወቂያቸው ላይ የክፍያውን መነሻና ጣሪያ እንዲጽፉ ታስገድዳለች። ደግ ነው። በኮንትራት ሥራ ግን ዋናው ምስጢር ሌላ ነው፦ ሥራው የማን ነው? በመሃል ስንት እጅ አለ? የሥራውን ባለቤት ስም ሳይናገሩ «እኔ ብቻ ላቅርብህ» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ዓይን ሸፍኖ ማስፈረም ነው፤ ሊከለከል ይገባል ባይ ነኝ። ኤጀንቶች ስሙን የሚደብቁት ሠራተኛው ዘሏቸው በቀጥታ እንዳይሄድ ፈርተው መሆኑ ይገባኛል። ለዚያ ግን ውል አለ። ስጋታቸውን እኛ ላይ መጫን የለባቸውም።

ባለፈው ወር ያችው ልጅ እንደገና ደወለችልኝ። አሁንም ጥሩ ሥራ ነው፤ አሁንም ክፍያው ከሌላው ይበልጣል። «እህቴ፣ ድርጅቱን ንገሪኝና አብረን እንየው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ነገረችኝ። ሁለት ቀን ቀድሞ በሌላ ኤጀንት የገባሁበት ነው።

«ይቅርታ፣ እዚያ ስሜ ገብቷል» አልኳት።

ትቀየመኛለች ብዬ ነበር። «ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ሲመጣ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋች። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ቃል አንድ ደቂቃም አልፈጀም።