«አበባ ይበላል ወይ?»

ዛሬ ስለ ፍቅረኛ ጠብም፣ ስለ ቅናትም፣ ስለ ፀጉር አሠራርም አላወራችሁም። ዛሬ የማወራችሁ እኔና እናቴ በአንድ አበባ ምክንያት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስለተኳረፍንበት ጉዳይ ነው። አትሳቁ! «በአበባ የሚኳረፍ ሰው አለ ወይ?» እንዳትሉኝ። አለ፤ ይኸው እኔ አለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ወርቃ ነው። ከዲላ ተነስታችሁ ይርጋጨፌን አልፋችሁ ወደ ጌዴብ በኩል ስትዘልቁ የምትደርሱበት፣ በቡናው ስሙ ባሕር የተሻገረ አገር ነው። የጌዴኦን ጓሮ ያላየ ሰው «ጓሮ» ሲባል ጎመንና ቃሪያ ብቻ ይመስለዋል። የእኛ ጓሮ ግን ፎቅ ነው። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመኑና ሌላው ሌላው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እናቴን «እማዬ፣ ጓሮሽ የዓለም ቅርስ ሆነ እኮ!» ብላት፣ «ታዲያ አረሙን መጥተው ያርሙልኛል?» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ናት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በኩል በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ መፈናቀሉን ታስታውሳላችሁ። ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የመንደሩም ቤት በሰው ሞላ። እኛ ግቢ አሥራ አራት ሰው አረፈ። ከቤታችን ፊት ለፊት አንዲት የሣር መስክ ነበረችን፤ በልጅነቴ የተንከባለልኩባት፣ እናቴ ቡና የምታፈላባት። እዚያ ላይ ላስቲክ ተወጥሮ ሰው ተኛ፣ እሳት ነደደ፣ ድስት ተጣደ። ጊዜው አልፎ እንግዶቻችን ሲሄዱ ሣሩም አብሮ ሄደ። የቀረው ደረቅ፣ የተረገጠ መሬት ብቻ ነበር።

እኔ በ2011 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ሱቁ ተዘጋ፣ እኔም ሻንጣዬን ሸከፍኩ። አከራዬ የነበሩት እትዬ ስሰናበታቸው ግቢያቸው ውስጥ ካለው አበባ አንድ ጉማጅ ከሥሩ ነቅለው፣ በእርጥብ ጋዜጣና በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሌላ የምሰጥሽ የለኝም ልጄ። ይቺን ትከያት» አሉኝ። አበባው በችግኝ ሻጮች ዘንድ ዴይሊሊ ይባላል። «የአንድ ቀን ሊሊ» እንደማለት ነው፤ አንዱ አበባ ጠዋት ይፈካና ማታ ይከስማል። የሳይንስ ስሙ ሄሜሮካሊስም «ቀን» እና «ውበት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። አገሩ ሩቅ ምሥራቅ ነው፦ ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን። ሊሊ ይባል እንጂ እውነተኛ ሊሊ አይደለም። ሊሊ ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አለው፤ ይኼኛው ግን ወፋፍራም ሥሮች ነው ያሉት። ዕፅዋት አጥኚዎች ከማን ጋር ቢመድቡት ጥሩ ነው? ከእሬት ጋር! አዎ፣ ያ መራራው እሬት ዘመዱ ነው።

ወርቃ እንደደረስኩ የት ልትከለው? ይህ አበባ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። የእኛ ጓሮ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ጥላ ነው። ፀሐይ በደንብ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ከቤቱ ፊት ያለው ደረቅ መሬት። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ቆፍሬ ተከልኩት። እናቴ ከደጃፍ ቆማ አየችኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦

«አበባ ይበላል ወይ?»

«አይበላም፣ ያምራል!» አልኳት በኩራት። የከተማ ሰው ሆኛለሁ መቼስ!

እናላችሁ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል፣ ቅጠል፣ ቅጠል ብቻ! አንድም አበባ የለም። በኋላ ስገባበት ነው ጥፋቴ የገባኝ። አንደኛ፣ እንደ እንሰት ችግኝ ጥልቅ አድርጌ ቀብሬው ነበር፤ የዚህ አበባ አንገት (ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት ማለቴ ነው) ከአፈር በታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው መግባት ያለበት። ሁለተኛ፣ ፍቅሬን በእበት ገለጽኩለት። ፍግ ሲበዛ ቅጠሉ ይወፍራል እንጂ አበባ አይወጣውም። ሦስተኛ፣ ትዕግስት አልነበረኝም። ተገንጥሎ የተተከለ ዴይሊሊ የመጀመሪያውን ዓመት ሥር ሲሰድ ቢያሳልፍ ወጉ ነው።

ታዲያ በ2014 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲጀምር አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አበባዬ የለም። በቦታው ጎመን ተተክሏል! እናቴ ነቅላ ጓሮ ጥላዋለች።

የተናገርኩትን አሁን ብጽፈው አፍራለሁ። ብቻ «አንቺ ውበት የማይገባሽ!» የሚል ነገር ከአፌ ወጣ። እናቴ ምንም አልመለሰችልኝም። ዝም ብላ እንጨቷን ሰበሰበች። አሥራ አንድ ቀን፣ ምግብ ከማቅረብና ከመብላት በቀር አልተነጋገርንም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ እናቴ ስኒውን እያየች እንዲህ አለች፦

«ያኔ እንግዶቹ ሲመጡ ጎመኑ በሦስት ሳምንት አለቀ። ከዚያ በኋላ ቆጮውን ባዶውን ነበር የማቀርብላቸው። አንዲት ልጅ ‹ጎመን የለም ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ይኼ መሬት ባዶውን ተኝቶ እያየሁት፣ የለም አልኳት።»

ለካስ እኔ ሣሩ የጠፋበት ቦታ ነበር የሚታየኝ። ለእሷ ግን ጎመን ያልተተከለበት ቦታ ነው። ምን እላለሁ? ስኒዬን አስቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

የሚገርመው የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። እናቴ ሥሩን የጣለችው ከጓሮው ጫፍ፣ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ፀሐይ ከገባበት ስፍራ ነበር። ማንም አልቀበረውም፣ ማንም ፍግ አልሰጠውም፣ አፈሩ ላይ እንደተጋደመ ሥር ሰደደ። የእኔን ሦስት ጥፋቶች እናቴ ሳታውቀው በአንድ ውርወራ አረመቻቸው! አንድ ጠዋት «ነይ፣ ይቺን ቀበጥ እያት!» የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ብርቱካንማ፣ ጉሮሮው ቢጫ፣ ጤዛ ያዘለ አበባ። ማታ ከሰመ። እናቴ ደነገጠች፤ «ሞተች እንዴ?» አለች። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ዘንግ ላይ ሌላ ፈካ። አሥራ ሁለት እምቡጥ ነበረው፤ ሁሉም በየተራው መጣ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየንና በ2017 ዓ.ም. አበባው ቀነሰ። ቁጥቋጦው እንደ ድንች ማዳበሪያ ወፍሯል፣ ዘንግ ግን ሁለት ብቻ። ውሃ ጨመርኩ፣ ምንም የለም። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ቤቱ ጠቦታል። ወልዷል እኮ! ልጆቹን ለሰው ስጪ» አለችኝ። ከየት አወቀች? ከእንሰት ነዋ! እንሰት የሚራባው አምቾው ተቆርጦ፣ መሐሉ ወጥቶ፣ ከተቀበረ በኋላ ከዳር ዳር በሚወጡት ቡቃያዎች ነው። እነሱን እየነቀሉ መትከልና ለጎረቤት መስጠት የእናቴ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። መጽሐፍ ያላነበበችው እናቴ የተናገረችው ግን የአትክልተኞች ሕግ ሆኖ አገኘሁት፦ ዴይሊሊ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ መከፈል አለበት፤ አለበለዚያ እርስ በርሱ ይታፈናል።

እንግዲህ ግቢም ሆነ በረንዳ ያላችሁ፣ አከፋፈሉን ልብ በሉ። አበባው ካለፈ በኋላ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ዙሪያውን ቆፍራችሁ ሙሉውን አውጡት። አፈሩን አራግፉና ሥሩን በውሃ እጠቡት። በእጅ አላቁት፤ እምቢ ካለ በቢላዋ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሦስት የቅጠል እቅፍና የራሱ ሥር ይኑረው። ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት። ጉድጓዱ መሐል ትንሽ የአፈር ጉብታ ሠርታችሁ ሥሩን በላዩ ዘርጉት፤ አንገቱ ከሁለት ጣት በላይ አይቀበር። በመሐላቸው ግማሽ ሜትር ያህል ተዉና ውሃ አጠጡ። የከሰመውን አበባ በየጠዋቱ ቀንጥሱት፤ ጉልበቱን ለፍሬ እንዳያባክን። ክሽክሽ ከወረረው በቀጭን የሳሙና ውሃ እጠቡት። የኮንዶሚኒየም ሰዎች፣ አሮጌ ባልዲ ታችውን ብሱና ፀሐይ የሚያገኝበት በረንዳ ላይ አስቀምጡት። ስትገዙ ደግሞ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቀውን ዓይነት ጠይቁ፤ ብርዳም ክረምት የለመደው ዓይነት በእኛ አገር አየር ይልመሰመሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድመት ያላችሁ ይህንን አበባ ቤት አታስገቡ። ቅጠሉም አበባውም የድመትን ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላልም።

ባለፈው ዓመት እኔና እናቴ ያንን ቁጥቋጦ ስንከፍለው ዘጠኝ ሆነ። ሁለቱን ለራሳችን አስቀረን። በገበያ ቀን አንዲት ሴት እናቴን ልትጠይቅ መጣች፤ በ2010 ዓ.ም. ከእኛ ግቢ ካረፉት አንዷ ናት። ከቤተሰቧ ጋር ወደ ቀዬዋ ተመልሳ ጓሮዋን እንደ አዲስ ጀምራለች። እናቴ የእንሰት ችግኝ አሰረችላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአበባው አንዱን ሥር ከእንሰቱ ጋር አብራ አሰረችው፤ «ይቺ ምራቂ ናት» አለች።

ሴትየዋ አገላብጣ አየችውና ምን ብላ ጠየቀች መሰላችሁ?

«ይበላል ወይ?»

እኔ ጣልቃ ገብቼ «ቻይናዎች እምቡጡን አድርቀው ይበሉታል!» አልኩ። እውነት ነው፣ ይበሉታል። (እናንተ ግን አትሞክሩት። ከችግኝ ሻጭ የተገዛ አበባ መድኃኒት የተረጨ ሊሆን ይችላል፣ ከእውነተኛው ሊሊ ጋር ያምታቱትም አሉ።) ደግሞም በጥንት ቻይናዎች ዘንድ ይህ አበባ የእናት አበባ ነው፤ ርቆ የሚሄድ ልጅ፣ እናቱ ጭንቀቷን እንድትረሳበት ደጃፏ ላይ ይተክልላት ነበር ይባላል። እኔ ደግሞ ከርቀት ስመለስ ሳላስፈቅድ ተከልኩት፤ ልዩነታችን ይኼ ነው።

እናቴ ግን እኔን አልሰማችኝም። ለሴትየዋ እንዲህ አለቻት፦ «አይበላም። ጎመንሽን ከትከልሽ በኋላ፣ ከተረፈ ቦታ ላይ ትከያት።»

እኔም ለእናንተ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ለዛሬው በዚሁ ይብቃኝ፤ ቸር ሰንብቱ!