የአደይ ዘር

አንባቢ ሆይ፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከለምለም ሣር ጋራ ታስሮ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን አደይ አበባ ያልገዛ የከተማ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም በየዓመቱ ስገዛ ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ከወዴት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጳጉሜን መጨረሻ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ አንዲት ልጅ አበባውን ታቅፋ ስትወርድ አገኘኋትና አንድ እስር ገዛኋት። ሥሩ ከነጭቃው ተንጠልጥሎ ባየሁ ጊዜ፣ «ልጄ፤ ስለ ምን ከነሥሩ ነቀልሽው?» አልኋት። «ጋሼ፤ ቶሎ እንዳይጠወልግብኝ ነው። እናቴ ከመንገዱ በታች ትለቅም ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ በሌሊት ተነሥቼ ከተራራው ጀርባ ነው ያመጣሁት» ብላ መለሰችልኝ።

ይህ ቃል ከልቤ ሳይወጣ ሰነበተ። በልጅነታችን ለእንቁጣጣሽ አበባ ለመልቀም ስንወጣ አያቴ ከደጅ ቆማ፣ «ከራሱ ቅጠፉ እንጂ አትንቀሉ፤ ለከርሞ ምን ልታመጡልኝ ነው?» ትለን ነበር። እኛም የአሮጊት ቁጣ ይመስለን ነበር።

አደይ እንደ ጽጌረዳ ግንዱ ከርሞ ዳግመኛ የሚያቈጠቍጥ አይደለም። በክረምቱ ዝናም በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ በበጋ ይደርቃል፤ ለከርሞ የሚተርፈው በአፈር ላይ የወደቀችው ዘር ብቻ ናት። ደግሞ አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ አንድ አይደለም፤ የኑግ ዘመድ ስለ ሆነ እንደ እርሱ ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ ተሰብስበውበታል። በዙሪያው የተዘረጉት ብጫዎቹ ንብን ይጠራሉ እንጂ ዘር አይሰጡም፤ ዘር የሚያፈሩት በመካከል ያሉት፣ ማንም የማያያቸው ናቸው። (ይህን ባወቅሁ ጊዜ ስለ ራሴም ጥቂት አፈርሁ።) እንግዲህ በአበባው ጊዜ የተነቀለ አደይ ዘር ሳይተካ ይቀራል።

እንጦጦም ራሱ ተለውጧል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ተራራ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ፍል ውሃ ከመውረዳቸው አስቀድሞ መናገሻቸው ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት ስላነሰ፣ በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ይህን አልነቅፍም፤ ከተማዪቱ በርሱ ቆማለች። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ በቆመበት ሣር እንኳ ሳስቶ ይበቅላል፤ አደይ ደግሞ ፀሐይ የሚወድ የሜዳና የገመገም አበባ ነው።

የገዛሁት እስር በብርጭቆ ውሃ ተቀምጦ ሳለ ደመራ ሳይደርስ ጠወለገ። በወረቀት ላይ ባራግፈው ገለባ ብቻ ወረደ።

በኅዳር ብቻዬን ወጥቼ ተራራውን ስዞር ዋልሁ፤ በመጨረሻም ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ጥቂት የደረቁ አደዮች ቆመው አገኘሁ። አንድ ጭብጥ ዘር ወሰድሁ፤ የቀረውን ለቦታው ተውሁለት። ከቤቴም አጥር ሥር በተንሁት። ባለቤቴ «ዶሮዎቹ ለቅመው ጨረሱት» ትለኛለች፤ ምናልባት እውነቷን ይሆናል። ቢሆንም ሰኔ ሲገባ ከዚያ ሥፍራ ሣር እንዳይታጨድ ለቤተ ሰቡ ነግሬአለሁ።