የግንደ ቆርቁር ጠብና ከዳር የሚያዩት



ግንደ ቆርቁር ግንድ ላይ ተለጥፋ በመንቁሯ ስትቀጠቅጥ ብዙዎቻችን ትል ፍለጋ ብቻ ይመስለናል። ፈጠን ብሎ እንደ ከበሮ የሚሰማው ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ አዋጅ ነው፤ «ይህ ቦታ ተይዟል፣ አትምጡብኝ» ማለት ነው። ሌሎች ወፎች በዜማ የሚናገሩትን እሷ በእንጨት ትናገረዋለች። ሱብሓነላህ!

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በቤተሰብ የሚኖር አንድ የግንደ ቆርቁር ዓይነት አለ። አንድ ግንድ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎችን ቦርቡሮ በየቀዳዳው አንድ አንድ የኦክ ዛፍ ፍሬ ይሸጉጣል። ያ ግንድ የቤተሰቡ ጎተራ ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ከባለቤቶቹ አንዱ ሞቶ ቦታው ሲከፈት ጦርነት ይነሳል። ወንድማማቾች በአንድ ወገን፣ እህትማማቾችም በአንድ ወገን ሆነው ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ውጊያው ለቀናት ይቆያል፤ ዓይን የሚጠፋበት፣ ክንፍ የሚሰበርበት ጊዜም አለ።

እኔን የገረሙኝ ግን ከዳር ሆነው የሚያዩት ናቸው። ተመራማሪዎች በወፎቹ ላይ መከታተያ አስረው እ.ኤ.አ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ በውጊያው የሌሉበት ወፎች የራሳቸውን ጎተራ ትተው እየመጡ በቀን እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ጠቡን ሲያዩ ይውላሉ። ማን እንደበረታ፣ ማን እንደደከመ ለማወቅ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

እኛስ ምን ልናውቅ ነው የምንቆመው?

ኢማማችንን ሳግዝ ለሱልሕ የሚመጡ የውርስ ክርክሮችን አያለሁ። ወንድማማቾች ለአንድ ክንድ አጥር ይጣላሉ። ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው ቂያማ ቀን የሚጠብቀውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስጠነቀቁ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ይለዝባሉ። ነገሩን የሚያከብደው ከዳር የቆመው ነው፤ «እሺ እንዳትል!» የሚለው፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርፀው። ወንድማማቾቹ ይታረቃሉ፤ የተለቀቀው ቪዲዮ ግን አይታረቅም።

ወፏ ብታይ አትጠየቅም። እኛ ግን በሱረቱል ሑጁራት የተጣሉትን እንድናስታርቅ ታዘናል። በአጥር ጠብም በኮሜንት ስር ጠብም ከዳር የቆመ ሰው ሥራ ይኸው ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጠብ ስታዩ ስልኩን ኪስ ክተቱት፤ ሽማግሌ ጥሩ። ይህን ካልቻላችሁ ወደየጎተራችሁ ተመለሱ፤ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ሶላቱ ጠባቂ ይፈልጋል።

ወላሁ አዕለም።